ከደንገሉ ውስጥ የመጣው ድምፅ

ይህ የደረሰብን ካቻምና፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ለቤተሰቦቼ አውርቼዋለሁ፣ ለሥራ ባልደረቦቼም አውርቼዋለሁ። ባወራሁት ቁጥር ይቀልለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። እንዲያውም ሰው ሁሉ ሰምቶ ሲጨርስ "እና ማን ነበር?" ይለኛል፤ ያን ጊዜ ያ ቀን እንደ አዲስ ይመጣብኛል። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴ ዳንኤል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ሁለታችንም አንድ ላይ እረፍት አግኝተን አናውቅም ነበር። ያን ዓመት ሲገጥምልን ጣናን በጎርጎራ በኩል እንየው ተባባልን። ውሃ ዳር ጥቂት ቀን ተቀምጠን፣ ዓሣ በልተን፣ ተኝተን ልንመለስ ነበር ሐሳባችን። ዳንኤል ራሱ መንዳት ስለሚወድ፣ ጎንደር ያለ ጓደኛው መኪና የሚያከራይ ሰው ስልክ ሰጠው።

አዘዞ አየር ማረፊያ ስንወርድ ሰውየው ውጭ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አዱኛ ይባላል። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ጢሙን ግን ያሳደገ ሰው ነው። መኪናዋ ነጭ ዲኤክስ ናት፤ ብታረጅም ውስጧ ተወልውሎ ያበራል። የዳንኤልን መንጃ ፈቃድ አየ፤ ጎማዎቹን እየዞረ ረገጥ ረገጥ አደረገ። ቁልፉን ከሰጠው በኋላ እንኳ እጁን ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ አላነሳም።

"አንድ ነገር ላስቸግራችሁ" አለ። "መንገዳችሁ ላይ ያለችው ከተማ፣ ኮላ ድባ ላይ አትቁሙ።"

"ለምን? መንገዱ ሰላም አይደለም እንዴ?" አልኩ ደንግጬ።

"ኧረ ሰላም ነው። ለምሳ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ሸጋ ዓሣ አለ። ኮላ ድባን ብቻ ዝም ብላችሁ እለፏት።"

ብንጠይቀው ሌላ የሚጨምር አልመሰለንም። ተሰናብተነው ወጣን።

ቀኑ ብሩህ ነበር። የደንቢያ ሜዳ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ይሸጣሉ፤ መስኮት ዝቅ አድርጌ ገዝቼ እየፈለፈልኩ ለዳንኤል አጎርሰዋለሁ። ደስ ብሎን ነበር።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ከፊት የሚመጣ ባጃጅ መብራት አብርቶ ሰላም አለን። አንድ ሚኒባስ ክላክስ አደረገ። በትር በትከሻቸው ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ እጃቸውን አንስተው በፈገግታ ጠበቁን፤ ስንቀርብ ግን የዳንኤልን ፊት አዩና እጃቸው በቀስታ ወረደ። ዞር ብዬ ሳይ መንገዱ መሐል ወጥተው ከኋላችን ይመለከታሉ።

"መኪናዋን ያውቋታል" አለ ዳንኤል።

"መኪናዋን ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚጠብቁት?" አልኩት።

ኮላ ድባ ስንደርስ ገበያ ነበር። ማለፍ እንጂ መቆም አላሰብንም፤ ግን እህል የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ቆምን። ዳንኤል ክላክሱን ሁለት ጊዜ አጭር አጭር አድርጎ ነካው።

ነጭ ሽንኩርት ከዘረጉት ሴቶች መሐል አንዲት እናት ቀና አሉ። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ፣ ቀጠን ያሉ ናቸው። ሽንኩርታቸውን እንደተዘረጋ ትተው በአህዮቹ መሐል እየተሽሎከሎኩ መጡና የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። ከዳንኤል ኋላ ተቀመጡ፤ በሩን ዘጉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ምነው እንዲህ ቆየህብኝ ሙሉቀን?" አሉ።

ዳንኤል ቀስ ብሎ ዞረ። ሴትዮዋ ፊቱን አዩት፤ ለረጅም ጊዜ አዩት። አልጮኹም። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ብቻ እያየሁት ጠፋ።

"ማኪናዋ የልጀ ናት" አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ አንዲት ጎረቤታቸው እየሮጠች ደረሰች። በመስኮቱ በኩል አጎንብሳ የሆነውን የነገረችን እሷ ናት። እማማ አበቡ ይባላሉ። ሙሉቀን የአዱኛ ታናሽ ወንድም ነው፤ በዚች መኪና መንገደኛ ወደ ጎርጎራ ያመላልስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሰዎች አድርሶ፣ አብሯቸው በጀልባ ወደ ደሴት ሲሻገር ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሌሎቹ ተርፈው ወጡ። እሱ አልተገኘም። ሬሳውም አልተገኘም። መኪናዋን ዳርቻው ላይ እንደቆመች ነው ያገኟት።

"ድንኳን ተጥሎ ተለቀሰ" አለች ጎረቤቷ። "እርሷ ግን እንባ አልወጣትም። 'ሳላየው አላለቅስም' ብላ ይኸው ጥቁርም አልለበሰች። ማኪና በሰማች ቁጥር ብድግ ነው። አዱኛም ለዚህ ነው ማኪናዋን እዚህ አታቁሟት የሚለው።"

እማማ አበቡ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ወደ ውሃው ናችሁ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ውሰዱኝ።"

ጎረቤቷን አየኋት። ልጆቻቸው ወደ ሐይቁ ወስደዋቸው እንደማያውቁ፣ ራሳቸውን ይጥላሉ ብለው እንደሚፈሩ ነገረችኝ። ዳንኤል በጆሮዬ "አይሆንም፤ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን እንላለን?" አለኝ። ልክ ነበር። አዱኛ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም። ከኋላችን የቆሙት መኪኖች ክላክስ ማድረግ ጀመሩ።

እማማ አበቡ እጄን ያዙ። "ልጀ፣ አንች ልጅ አለሽ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው በእናትሽ ይሁንብሽ። አልሞትብሽም። ልጠራው ነው እንጅ ልከተለው አይደለም።"

ዳንኤልን ሳላየው "እንሂድ" አልኩ። ጎረቤቷም "እኔ ለአዱኛ እነግረዋለሁ፤ ብቻ መልሷት" ብላ ፊቷን አማተበች።

ከዚያ እስከ ጎርጎራ ያለውን መንገድ በቃል መግለጽ ይከብደኛል። እማማ አበቡን በስፖኪዮው አያቸዋለሁ። እጃቸውን በሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ላይ አሳርፈው፣ ጣቶቻቸው የዳንኤልን ትከሻ ነካ እያደረጉ ይሄዳሉ። እሱ አንገቱ ደርቆ ወደ ፊት ብቻ ያያል። በኋላ ሲነግረኝ፣ ጣቶቹ ሲነኩት "ቀስ በል" እንደሚሉት ይገባው ነበር፤ ኩርባ ሲመጣ ይጫኑታል፣ ሜዳ ሲሆን ይለቁታል። በዚያ መንገድ ላይ ራሴን አልነበርኩም አለኝ።

ሐይቁ ዳር የደረስነው ከሰዓት ነው። ከጀልባ መነሻው ራቅ ብሎ ለታንኳ መሥሪያ የሚሆነው ረጅም ደንገል የበቀለበት ጸጥ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ አቁሙ አሉን። እንዴት እንዳወቁት አልጠየቅኳቸውም። ጫማቸውን አወለቁ። ቃላቸውን አምኜ ነበር፤ ቢሆንም የነጠላቸውን ጫፍ በእጄ ላይ ጠቅልዬ ያዝኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው እስኪደርስ ገቡ። እኔም ከነጫማዬ ተከተልኳቸው።

"ሙሉቀን!" ብለው ተጣሩ።

ድምፃቸው ያን ያህል ከፍ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም። ውሃው ላይ ሄደ፤ ምንም አልተመለሰም። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። ውሃው ደንገሉን እየነካ ሲመለስ ብቻ ይሰማል። ሦስተኛው ረዥም ነበር፤ ሰው ከሜዳ ማዶ ያለ ልጁን ለምሳ እንደሚጠራ፣ ስሙን እየጎተቱ፦

"ሙሉቀ...ን ሆይ!"

"አቤት!"

ከግራ በኩል፣ ከደንገሉ ውስጥ ነው የመጣው። ሩቅ አልነበረም። የገደል ማሚቶ አይደለም፤ እዚያ ገደል የለም፤ ማሚቶም ስም ይደግማል እንጂ "አቤት" አይልም። የወንድ ድምፅ ነው። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ተረጋግቶ ነው የመለሰው።

ዳንኤል ከመኪናዋ አጠገብ እየሮጠ መጥቶ ወደ ደንገሉ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ ረጠበ። "ማነው? ማነው እዚያ?" እያለ ደንገሉን ገለጠ። አንዲት ወፍ ብር ብላ ወጣች። ታንኳ የለም፤ ሰው የለም፤ የተረገጠ ሣርም የለም። ቆይቶም ጀልባ መነሻው ጋ ሄዶ ጠየቀ። በዚያ በኩል ዛሬ መረብ የጣለ ዓሣ አስጋሪ የለም አሉት።

የማይረሳኝ ግን እማማ አበቡ ናቸው። አልደነገጡም። ወደ ደንገሉም አንድ እርምጃ አልሄዱም። ሰው የጠበቀው መልእክት ሲደርሰው እንደሚያደርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሽ" አሉ ወደ ውሃው። "ሰማሁህ። በል እረፍ።"

ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ታጠቡ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ከእጄ ላይ ቀስ ብለው ፈቱና፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው እንደ ሐዘንተኛ ለበሱት።

"አሁን ወደ ቤተ መልሱኝ" አሉኝ።

ልቅሶው የጀመራቸው የኮላ ድባ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ነው። ከኋላዬ የሰማሁት ድምፅ ለወራት የታፈነ ነበር። መኪናዋ ሳትቆም ጎረቤቶቻቸው ሰምተው ወጡ፤ ሴቶቹ ደግፈው አስገቧቸው፤ ግቢው ባንድ አፍታ ሞላ።

አዱኛ በሞተር ሳይክል ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አትቁሙ አላልኋችሁም?" ብሎ ዳንኤል ላይ ጮኸ። "ማን ውሰዷት አላችሁ? ብትገባበትስ ኖሮ?"

ዳንኤል ሊያስረዳው ሞከረ፤ አልሰማውም። እኔን ሊናገረኝ ዞሮ አፉን ሲከፍት ከውስጥ የእናቱን ልቅሶ ሰማ። ቆመ። በበሩ በኩል አያቸው፤ የነጠላቸውን አለባበስ አየ። እየሮጠ ገባ።

ጎርጎራ ተመልሰን የቀረውን ጊዜ ጨረስን፤ ውሃው አጠገብ ግን አልሄድኩም። ክፍላችን ከሐይቁ ፊት ለፊት ነበር፤ መስኮቱን ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት። ዓሣም አልበላሁም። ዳንኤል "ተደብቆ የነበረ አጥማጅ ይሆናል" ይለኛል፤ እኔን እያየ ግን ብሎት አያውቅም። በመመለሻችን ቀን ቁልፉን አየር ማረፊያው ላይ የተቀበለን ሌላ ሰው ነው።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፣ ትምህርት ቤት እያለሁ ስልኬ ጠራ። አዱኛ ነው። ስለጮኸብን ይቅርታ ጠየቀ። እናቱ ጥቁር ለብሰው ለቅሶ እንደተቀመጡ፣ እንደሚበሉ፣ እንደሚተኙ፣ ለሙሉቀንም ተዝካር እንደተደገሰለት ነገረኝ። ደስ አለኝ።

"እህቴ" አለ በመጨረሻ፣ "እማ 'መለሰልኝ' ትላለች። እኔ ለሰው ሁሉ ሐዘን ነው የሚያናግራት እላለሁ። እውነት ሰማችሁ?"

መዋሸት እችል ነበር። ሕይወቱን ወደ መደበኛው የመለሰ ሰው ነው፤ ለምን እነካካዋለሁ ብዬም አሰብኩ።

"ሰምተናል" አልኩት። "ሁለታችንም።"

"ምን ብሎ መለሰ?"

"'አቤት' ነው ያለው።"

"'ወይ' አይደለም?"

"አይደለም። 'አቤት' ነው።"

"እኔ ስጠራው 'ወይ' ነበር የሚለኝ" አለ። "'አቤት' የሚለው ለእሷ ነው።"

በጎንደር አገር ማንኛውም ወጣት ለአንዲት እናት "አቤት" ይላል ልለው ነበር። ተውኩት። አዱኛም አመስግኖኝ ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

አሁን ሳስበው ያን ቀን እማማ አበቡን በመውሰዴ አልጸጸትም። እሳቸው ልጃቸውን አልቅሰዋል፤ አዱኛ ግን ያን ስልክ ከዘጋ በኋላ የት እንደሄደ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ሐይቁ ዳር ሄዶ፣ ደንገሉ ፊት ቆሞ፣ የወንድሙን ስም ሲጠራ ይታየኛል። እዚያ ላይ ሐሳቤን አቆመዋለሁ። መልስ ቢመጣ ነው ባይመጣ የሚሻለው፣ እኔ አልለየሁትም።