ማማን በደረጃ ያወረድኩባቸው ሳምንታት

ዐረብ አገር፣ ኸበር ከተማ፣ አል ዑለያ ሰፈር ውስጥ፣ ባለ አራት ፎቅ አፓርታማ የምጠግን ሠራተኛ ነበርኩ። ቧንቧው፣ ኤሲው፣ ሊፍቱ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው። እጄ ይመሰገናል፤ እኔም ምስጋናውን አልጠላሁትም። ስሜን ያጠፋሁት በረመዳን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

ጣሪያ ላይ ታንከር እያጠብኩ ነበር። ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ኳስ ፈታሁና አሸዋው ይጠረግ ብዬ መስመሩን ለቀቅኩት። በዚያ ሙቀት ጾመኛ ሆኖ የሚንፎለፎል ውሃ ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ የጾመ ያውቀዋል። ዓይኔ ውሃው ላይ፣ ጆሮዬ አዛኑ ላይ ነበር። አዛኑ ሲሰማ ሁሉንም እንዳለ ትቼ፣ የሊፍቱን ሞተር ክፍል በር እንኳን ሳልዘጋ፣ በደረጃው ወደ ታች በረርኩ። ከዘበኛው ጋር በቴምር አፈጠርን፣ መግሪብ ሰገድን፣ ሾርባውን እኔ ደገምኩ። ሦስተኛውን ሳህን ሳስብ ሊፍቱ ቆመ። ወጥቼ ሳይ ታንከሩ ሞልቶ ፈስሷል፤ ውሃው ሞተር ክፍሉ ገብቶ ሊፍቱን የሚያዘውን ቦርድ አቃጥሎታል።

አዲስ ቦርድ ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል ተባለ። የሕንፃው ባለቤት ካፊሌ ነው፤ ያስመጣኝና ፈቃዴን በእጁ የያዘው አሠሪዬ። እሱ ደማም ነው የሚኖረው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እናቱ ናቸው፣ ሁላችንም ማማ የምንላቸው። እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ ግን ከቀትር በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሶላት እንዳለቀ በመኪና ባሕር ዳር ካልደረሱ ቀኑ አይመሽላቸውም። ካፊሌ አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሊፍቱ እስኪሠራ አንተ ታወርዳታለህ» አለኝ። «ሲሠራ ኹሩጅ። ኸላስ።»

ኹሩጅ ላይመለሱ ከአገሩ መውጣት ነው። ወሎ ያለችው እናቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ጧሪ የላትም። በስልክ ስታገኘኝ ደኅና ነኝ እያልኩ አሳለፍኩት።

በየቀኑ ማማን ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ዘበኛው ከኋላ እኔ ከፊት ሆነን እናወርዳቸው ጀመር። ማማ ቀላል ሴት አይደሉም፤ ምላሳቸው ደግሞ ከሰውነታቸው ይከብዳል። «የውሃው ሰው፣ ቀስ» ይሉኛል። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ሁልጊዜ አቁሙኝ ይላሉ። እናንተ እንድታርፉ ነው ቢሉም፣ ጆሯቸው ጎረቤታቸው በር ላይ ነው። ላቤን ሲያዩ ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው እየተቆጡ ግንባሬን ይጠርጉልኛል። ወደድኳቸው። እናቴን እንዲህ ተሸክሜ የትም አድርሼያት አላውቅም፤ ይህን ደረጃው ላይ ሆኜ አስብ ነበር።

ቦርዱ መጣ። ከሊፍት ባለሙያው ጋር አብሬ የገጠምኩት እኔው ነኝ። አንድ ሽቦ ላላ ባደርግ ሌላ ሳምንት አገኝ ነበር። ሰይጣን ሹክ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ማማን ደግሞ ደረጃ ላይ ማንገላታት አልሆነልኝም፤ ብሎኖቹን ሁሉ አጠበቅኳቸው።

በማግስቱ ካፊሌ የኹሩጅ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ማማ ሊፍቱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እናትህ አለች?» አሉኝ።

«አለች።»

«መባረርህን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የምትልከው አንተ ነህ። አንተው ንገራት።»

ካፊሌ ሳቅ ብሎ ሊያልፈው ፈለገ፤ ማማ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። እኔ ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ሰጠሁት። እናቴ ከቁርዓንና ከዱዓ ውጭ ዐረብኛ አታውቅም። የዐረብ ድምፅ ሰላምታ ሲሰጣት የልጇ አለቃ ሊያከብራት የደወለ መሰላት። «ወአለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ» አለች። ካፊሌ ሊናገር አፉን ከፈተ። «ባረከላሁ ፊኩም» አለች። «አሚን» አለ። እንደገና ሊጀምር ሲል «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» መጣ። የምታውቀውን የዐረብኛ ምርቃት ሁሉ አንድም ሳታስቀር አወረደችለት። እሱም አንገቱን ደፍቶ አሚን፣ አሚን ማለት ብቻ ሆነ ሥራው።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ወደ ሥራህ ሂድ» አለና ስልኩን መለሰልኝ።

«ምን አለኝ ልጄ?» አለች እናቴ።

«አሚን አለሽ» አልኳት።