ሚክሰሩ የማን ነው?

ወንድሙ እምቢ ማለት አያውቅም። ሸዋ ሮቢት ላይ ድንጋይ እየተሸከመ ግንበኝነት ተምሮ፣ ቀስ በቀስ ደረጃ ዘጠኝ ተቋራጭ የሆነ ሰው ነው። የኮንክሪት ሚክሰሩን የገዛው ከጉሮሮው ቆጥቦ ነው። ከተገዛ ወዲህ ግን ሚክሰሩ ግቢው ውስጥ ያደረበት ቀን ጥቂት ነው፤ ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን አጥር፣ ነገ ለጎረቤት ቤት፣ የለመነ ሁሉ ይወስደዋል። ሚስቱ ራሔል፣ "እኔንም ለሳምንት አውሰን ቢሉህ እሺ ትላለህ" ትለዋለች።

በ1998 ዓ.ም. ለከተማው ትምህርት ቤት አዳዲስ ክፍሎች ሊሠሩ ጨረታ ሊወጣ ሆነ። ወንድሙ እዚያ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ተምሮ አያውቅም፤ የአሮጌዎቹን ክፍሎች ድንጋይ ግን በልጅ ትከሻው ተሸክሟል። አዲሶቹን ራሱ ሊሠራ ልቡ ቋመጠ። ለመወዳደር ደረጃ ስምንት ያስፈልጋል፤ በተቋራጭ ዘንድ ቁጥሩ ሲያንስ ሰውየው ይተልቃል። ለዚህ ደግሞ የራስን ሚክሰር ለመርማሪ ማሳየት ግድ ነው።

መርማሪዎቹ ከተባለው ቀን ቀድመው፣ አጣዬ ሌላ ተቋራጭ አይተው ሲመለሱ ከች አሉ። ግቢው ባዶ ነው።

"ጀውሃ ነው ያለው፤ ለመስጊዱ አውሼው ነው" አለ ወንድሙ።

አለቃቸው ኢንጂነር ይልማ ፈገግ አለ። "እሱንማ ከአጣዬ ስንመጣ መንገድ ላይ አይተን ጠየቅን። ሰፈርተኛው አዋጥቶ የገዛው ነው አሉን። የሰው ማሽን ተውሶ የሚያሳየኝ ብዙ ነው፤ የራሱን አውሶ ባዶ ግቢ የሚያሳየኝ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።"

ወንድሙ ለምኖ ለምኖ ወደ ጀውሃ ይዟቸው ሄደ።

የመስጊዱን ሥራ የሚመሩት ሼህ አብዱልመጂድ፣ ወንድሙ በመንግሥት መኪና ውስጥ በሁለት ሰዎች መሀል ተጣቦ ሲመጣ አዩና ደነገጡ። የግብር ሰዎች በሚክሰሩ ሰበብ ያዙት ብለው ደመደሙ።

"ሚክሰሩ የኛ ነው ብያለሁ" አሉ ኮስተር ብለው። "ይህን ሰውዬም አላውቀውም።"

"ኧረ ጋሼ አብዱልመጂድ፣ ትናንት ምሳ አብረን በላን እኮ።"

"አላስታውስም።"

ይልማ የቆላውን ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። "እንግዲያው ወላሂ ይበሉ" አላቸው።

ሼሁ መሬት መሬት አዩ፤ ጢማቸውን ዳበሱ። ወንድሙ ነገሩ ያን ጊዜ ገባው።

"ለግብር አይደለም የመጡት" አላቸው። "ደረጃዬን ከዘጠኝ ወደ ስምንት ሊያደርጉልኝ ነው።"

"ሊቀንሱብህ?"

"አይ፣ በኛ ሥራ ትንሹ ነው ትልቁ። የትምህርት ቤቱን ጨረታ የምገባው በሱ ነው።"

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?" አሉና ወደ ይልማ ዞሩ። "ወላሂ የሱ ነው።"

"ቅድም የኛ ነው ብለው ነበር።"

"ቅድም መች ማልኩ?"

ይልማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሥራው ሥራ ነውና የሞተሩን ቁጥር ልይ አለ፤ ቁጥሩ ግን የስንቱ ሰፈር ሲሚንቶ ደርቆበት አይታይም። ሼሁ ራሳቸው መሮ አንስተው ፈለፈሉት። ቁጥሩ ወንድሙ ከያዘው ሊብሬ ጋር አንድ ሆነ።

ደረጃው መጣ፤ ጨረታውንም አሸነፈ። ወንድሙ ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃ ብሎት ሰነበተ። የመጀመሪያው ክፍል ወለል በሚሞላበት ቀን ከጀውሃ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው አካፋ ይዞ ለማገዝ መጣ። ሼህ አብዱልመጂድ ቀድመው ወረዱና በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ሚክሰሩ የወንድሙ ነው፤ ወላሂ" አሉት።