ጋሽ ኢስማዒል ባሕር ሲጠብቁ

ጋሽ ኢስማዒል የአሰብ ልጅ ናቸው። አባታቸው ሳምቡክ የሚባለው የእንጨት ጀልባ ጠጋኝ ነበሩ፤ እሳቸውም በሠላሳ ዓመታቸው ከተማዋን ጥለው እስኪወጡ ድረስ ባሕሩን እንደ ግቢያቸው ነበር የሚያዩት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ባሕር የሚባል አላዩም። ፍራንክፈርት ያለው ወንዝ ነው። ግሪስሃይም በሚባለው ሰፈር የሚሠሩበት መጋዘን ደግሞ መስኮት እንኳ የለውም።

ይሄ ያናድደኛል። ሰው ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ካርቶን ሲደረድር ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ ያደገበትን ዓይነት ውሃ ሳያይ ጡረታ ይገባል? ጎረቤታቸው ነኝና አፌን አልዘጋሁም።

«በወር የባቡር ትኬትዎ እንሄዳለን» አልኳቸው።

«አንቺ ሙንተሃ፣ እሑድ ጠዋት የሥራ ሺሽት አለብኝ እኮ።»

«ዓርብ ማታ እንነሳለን፤ ቅዳሜ ማታ አልጋዎ ላይ ነዎት።»

«አብማኑንግ እንዳለብኝ ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። አብማኑንግ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ የባቡር ሠራተኞች አድማ በመቱ ቀን ዘግይተው ስለገቡ ነው አሠሪዎቻቸው የሰጧቸው። ሁለተኛ ከመጣ ከሥራ ይወጣሉ፤ ለጡረታቸው ደግሞ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

ያም ሆኖ ሄድን። አራት ባቡር ቀያይረን ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰሜን ባሕር ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ደረስን፤ የጥንት የባሕር ወንበዴዎች መሸሸጊያ ናት። ቀያይ የጡብ ቤቶቿ ጭጋግ ውስጥ ተንሳፍፈው ይታያሉ። የራሳችንን እርምጃ እንኳ የምንሰማው ከሩቅ ይመስል ነበር። ሣር የለበሰውን ግድብ ወጣን።

ባሕር የለም።

እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ የሚያብረቀርቅ ጭቃ ብቻ። ደመናው ወርዶ ጭቃው ላይ ተኝቷል። ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል።

ጋሽ ኢስማዒል ጭቃውን ከዳር እስከ ዳር አዩና፣ «ይሄንንም ወሰዱት?» አሉ።

የወንበዴ ባርኔጣ ያደረገች አስጎብኚ ግራ መጋባታችንን አይታ ሳቅ አለች። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሄድ፣ ሁለት ጊዜ እንደሚመለስ፣ ዛሬ ግድቡ ሥር የሚደርሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሆነ ነገረችን። ወንበዴዎቹ ይህን ያውቁ ነበር አለች፤ የሚያሳድዳቸው መርከብ ጭቃ ሲይዘው እነሱ ጋደም ብለው ውሃው እስኪመለስ ይጠብቁ ነበር። ከአጠገቧ ባለው ሱቅ ቤተሰቦች የእንጨት ሰይፍ ይገዛሉ። ነደደኝ። እኛ ከተማ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል፣ አንድ ሰው ቦርሳ ቢነጥቅ አገር ይናወጣል፤ ሌባው ስድስት መቶ ዓመት ሲሞላው ግን ባርኔጣው ይቸበቸባል።

«የአሰብ ባሕር ትንሽ ፈቀቅ ይልና ይመለሳል» አሉ ጋሽ ኢስማዒል። «እንዲህ ቤቱን ጥሎ የሚጠፋ ባሕር አላውቅም።»

ለእሑዱ ሥራ የሚያደርሳቸው የመጨረሻ ባቡር ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓታቸውን አይተው ተነሡ።

«ውሃው ሊመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀረው?» አልኩ።

«ሥራዬስ?»

«ሥራዎ እርስዎን መቼ ጠብቆ ያውቃል?»

ለእኔ መናገር ቀላል ነው፤ ደብዳቤው የሚመጣው ለእሳቸው ነው። ጣቢያው ድረስ ቀድመውኝ ሄዱ። ባቡሩ መጣ፤ በሩ ተከፈተ። አንድ እግራቸውን አነሡና መልሰው መሬት አሳረፉት።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ።

«እብድ ነኝ ብቻዎን የምተውዎት?»

በሩ ተዘጋ፤ ወደ ግድቡ ተመለስን።

ውሃው ሲመጣ ድምፅ አልነበረውም። መጀመሪያ በጭቃው ስንጥቅ ውስጥ እንደ ብር ክር ተሳበ፤ ክሩ ሰፋ፤ ጀልባዎቹ ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው አንድ በአንድ ቀና አሉ። ሰማዩ ከታችም ከላይም ሆነ። ጋሽ ኢስማዒል ጫማቸውን አውልቀው በድንጋዩ ደረጃ ወረዱና በባሕሩ ውሃ ለሶላት ውዱእ ማድረግ ጀመሩ። ሲጉመጠመጡ ጨውን ቀመሱ መሰለኝ፣ እጃቸው ፊታቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ግድቡ ሣር ላይ፣ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው፣ የዐስር ሶላት ሰገዱ።

ሐሙስ ከመጋዘኑ ደብዳቤ መጣ፤ እሑድ የቀሩበትን ምክንያት በጽሑፍ ያስረዱ ይላል። ይዘውት ወደ እኔ መጡ።

«አሞኝ ነበር እንበል» አልኳቸው።

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ባሕሩ ዘግይቶ ነበር፣ ጠበቅሁት ብለሽ ጻፊ።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ጀርመንኛው ስሕተት እንዳይኖርበት ሦስት ጊዜ አየሁት። እሳቸው ፈረሙ።