አማቴ አንቱ ሲሉኝ

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ገበያ ሲሉኝ ነፍሴን የማላውቅ ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ጋር እናቱን ልንጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል የሄድን ጊዜ፣ አማቴ በማግስቱ ወረታ ገበያ እንደሚወጡ ስሰማ ማንም ሳይጠራኝ ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። አይተውኝ፣ «ፀሐዩ ይጎዳዎታል፤ አንቱ ይረፉ» አሉኝ።

አንቱ! የሚያበግነኝ ይኼ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ አንቱ ከማለት ዝቅ ብለው አያውቁም። ባለቤቴ ማክበራቸው ነው ይለኛል። የወንድሙን ሚስት ግን አንቺ እያሉ፣ ወጡ ቀጠነ፣ ደጁ አልተጠረገም እያሉ ሲቆጧት ይውላሉ፤ እኔ ምንጣፍ ላይ ተጎልቼ በቅናት አርራለሁ። ቄስ አይደለሁ፣ ዳኛ አይደለሁ፤ ልጃቸውን አግብቼ እቤታቸው እንግዳ ሆኜ ልቀር ነው እንዴ? እንደምንም ለምኜ ተከተልኳቸው።

ገበያው ውስጥ ስንገባ ግን ኩርፊያዬ ብን ብሎ ጠፋ። የገና ጾም ነበር፤ ሩዙ ከማሳ ገና መግባቱ ነው። ለእኔ ሩዝ ማለት ሱቅ መደርደሪያ ላይ በላስቲክ ታሽጎ የሚቀመጥ ነገር ነበር። እዚህ ጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል፤ ነጩ አለ፣ ቀላ ያለው አለ፣ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ የሚሆነው አለ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት፤ ሻጩ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ሽንኩርቱ፣ ከሽንኩርቱ ወደ ጣና ዓሣ። አንዱ አምባዛ ጅራቱን ሲያወራጭ አይቼ ጮህኩ። እቤት ስንደርስ የምበላውን እሸት ሽምብራ ታቅፌ፣ አንድ ቅመም ነጋዴ ዘንድ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ እያሸሁ ሳሸት ቆየሁ። አማቴ በትዕግሥት ይከተሉኛል። በቆምኩበት ሁሉ ሰው ማን እንደሆንኩ ሲጠይቃቸው፣ እንግዳችን ናቸው ይላሉ። ቃሏ ትወጋኛለች፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር አይና እረሳታለሁ።

መጨረሻ ላይ ቅቤ ተራ ደረስን። አማቴ የመጡበት ዋና ጉዳይ ለበዓል የሚሆን ቅቤ መግዛት ነበር። አንዲት ሻጭ ቅጠሉን ገልጣ አሳየችን፤ የፎገራ ላም ቅቤ፣ ቢጫ፣ ለጋ። እንደ ሌሎቹ ገዢዎች በጣቴ ቆንጠር አድርጌ አሸተትኩት። አቤት ሽታው! ከተማ ስገዛ አሽትቼ መቅመስ ልማዴ ስለሆነ፣ ሳላስበው ጣቴን ወደ አፌ ሰደድኩት።

አፌ ሳይደርስ አማቴ እጄን ለቀም አደረጉት።

«አንች! ጾም እኮ ነው፤ ምን ነካሽ?»

ቅቤ ተራው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ በእፍረት ጋለ፤ ጥርሴን መክደን ግን አቃተኝ። እሳቸው ምን ብለው እንደጠሩኝ የታወቃቸው አይመስለኝም። ጣቴ ላይ የቀረውን ቅቤ በአውራ ጣታቸው ጠርገው፣ ነጠላዬን ገፋ አድርገው መሀል አናቴን ቀቡኝ። ሻጯ ሳቋን እየዋጠች፣ ልጅዎ ናት እንዴ ብላ ጠየቀቻቸው።

«የእኔው ናት» አሉ። «ገና አልተገራችም።»

ከዚያ ቅቤውን አሸክመውኝ ወደ ባጃጅ ተራ ቀድመው ሄዱ።