ግራኙ የቆርቆሮ ፈረሰኛ

ሌኦንሃርት አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ወታደር ሲቀርጽ ኖረ እንጂ አንድ ቀን ጠመንጃ ተኩሶ አያውቅም። በጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ ላይ ከጣት የማይበልጥ ወታደር ይፈለፍላል፤ የቀለጠ ቆርቆሮ ሲፈስበት እንደ ሳንቲም የሳሳ ወታደር ይወጣል። እነዚህን የሚሰበስቡት የጀርመኗ የፊርት ከተማ ሽማግሎች ደግሞ፣ አቤት ጣጣቸው! ስምንት መሆን የነበረበት የኮት ቁልፍ ሰባት ከሆነ እራታቸው አይዋጥላቸውም።

ሚስቱ ኩኒጉንዴ መጋቢት ላይ ሞተችበት። ግንቦት ላይ አዲስ የባቫሪያ ፈረሰኛ ጨርሶ ለሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ለጓደኛው ለዌንዴሊን አሳየው። ዌንዴሊን በአጉሊ መነጽሩ አየው፤ አገላብጦ ደግሞ አየው።

"ምነው? ምን አገኘህ?"

"ሌኦ፣ ይሄ ሰውዬ ሰይፉን የያዘው በግራ እጁ ነው። አፎቱም በቀኝ በኩል ነው።"

እውነቱን ነው። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ሁሉ ሲወጣ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀራጭ ሁሉን ገልብጦ ነው የሚቀርጸው። ይህን ጀማሪ እንኳ አይስተውም።

"ግራኝ ነዋ!" አለ ሌኦንሃርት።

"በሰልፍ መሐል ግራኝ? የጎረቤቱን ጆሮ ሊቆርጥ?" ዌንዴሊን ሳቀና ወዲያው ተወው። "ስማኝ ወዳጄ፣ ማኅበሩ ሥራው ለሌላ ይሰጥ እያለ ነው። ሰባ አራት ዓመት ሞላህ እኮ። በቃ፣ እረፍ።"

ሌኦንሃርት ፈረሰኛውን ኪሱ ከቶ ወጣ። ከድንጋዩ በቀር ምን ቀረው?

ቤቱ ገብቶ የድሮ ንድፎቹን መሳቢያ ከፈተ። ሁሉም በኩኒጉንዴ እጅ የተሳሉ ናቸው፤ ሁሉም ወታደሮች አስቀድመው ተገልብጠዋል። ትንሿ መስታወቷ ከሥራቸው ተቀምጣለች። በመስታወት እያየች ገልብጣ የምትስልለት እሷ ነበረች፤ እሱ ከፊቱ ያለውን እንዳለ ይቀርጻል። ያውቀው ነበር፣ ግን አንድ ቀን አስቦት አያውቅም። ይህን ፈረሰኛ ብቻ ራሱ ከመጽሐፍ ስሎ፣ እንደ ልማዱ እንዳየው ቀረጸው።

"አይ ኩኒ! እኔ ደግሞ ጥበቡ ሁሉ የእኔ መስሎኝ!" ብሎ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ነሐሴ ላይ ዌንዴሊንን ጠራው። መስታወቷ ጠረጴዛው ላይ ቆማለች። አዲሱ ፈረሰኛ ሰይፉን በቀኝ እጁ ይዟል። ዌንዴሊን ቁልፎቹን ቆጠረ፤ ምንም አልጎደለም። ከዚያ ዓይኑ የቀራጩ ስም መነሻ ፊደል ወደሚቀመጥበት፣ ወደ መቆሚያው ወረደ።

"ይሄ ሁለተኛው ፊደል የማን ነው? ደንባችን አንድ ቀራጭ፣ አንድ ፊደል ነው።"

"የኩኒ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ዘግይቶባታል። ካልጣማችሁ ሥራውን ለፈለጋችሁት ስጡት፤ እኔ ግን አልፍቀውም።"

ዌንዴሊን አጉሊ መነጽሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

"መቶ ሃምሳ ፈረሰኛ አውጣልን" አለ። "ከሁለቱ ፊደል አንዱ የጎደለበትን ግን አልረከብም።"