ያልያዝኩት ቋጠሮ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ደብዳቤ እንኳ ሲያስፈልግ የምትጽፍልኝ አክስቴ ናት። አሁን የምጽፈው ሁለት የሀገራችን ሴቶች የፎቅ መስኮት ማጠብ ጀመሩ ሲባል ስለሰማሁ ነው።

እኔ የጀመርኩት በፈረንጆቹ 2005 በረዶው እንደቀለጠ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከምኖርበት ከሆፕኪንስ በሁለት አውቶቡስ ሚኒያፖሊስ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማው ደረስኩ። አለቃችን ሬይ የሚባል ቀጭን ፈረንጅ ነበር። የሃያ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ አወጣኝና መታጠቂያ አስታጠቀኝ።

ሥራው ሁለት ገመድ አለው። በአንደኛው፣ ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጠን ቀስ እያልን እንወርዳለን። ሁለተኛው የሴፍቲ ገመድ ነው። ከጀርባችን ይያያዛል፤ ከመቀመጫው ብንወድቅ የሚይዘን እሱ ነው። የሁለቱም ጫፍ ጣሪያው ላይ ካለ ብረት ጋር ይቋጠራል። ማንም ከመውረዱ በፊት ጓደኛው ሁለቱን ቋጠሮዎች በእጁ ይዞ፣ ጎትቶ፣ «ኦኬ» ይላል። ዓይን አይቆጠርም፣ እጅ ብቻ ነው የሚቆጠረው ይል ነበር ሬይ።

አብረውኝ እንዲሠሩ የተመደቡት ጋሼ ቶሎሳ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። የነቀምት ሰው ናቸው፤ ያደጉት በጭነት መኪና ረዳትነት ነው። ከሚስታቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወሩ ነበር። ልጃቸው ስትደውል ግን የምትመልስላቸው በእንግሊዝኛ ነው።

የእኔን ቋጠሮ ሁለቴ ጎትተው «ኦኬ» አሉ። ተራው የእኔ ሲሆን እጄን ወደ ገመዳቸው ሰደድኩ።

«እኔን ነው የምትፈትሺው?» አሉ እየሳቁ። «አንቺ ሳትወለጂ ስንት ኩንታል ቡና አስሬ ከጊምቢ አዲስ አበባ አድርሻለሁ። አንድ ጆንያ አልወደቀብኝም።»

ቀልድ ነበር። እኔ ግን እጄን ሰበሰብኩ። የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ከሬይ ትእዛዝ ይልቅ የእሳቸው ፊት አሳፈረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቆምኩበት ሆኜ «ኦኬ» እላለሁ። ሬይም ቃሉን ሲሰማ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር።

ከዚያ ጠርዙን ተሻገርኩና ወደ ታች አየሁ። ከዚያ ከፍታ ሰው እግር የለውም፤ ጭንቅላትና ጥላ ብቻ ነው። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ የወረደ መሰለኝ። ግን ደግሞ ደስ አለኝ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መሬት ላይ ሰው ሲያናግረኝ አንገቴን እደፋለሁ። እዚያ ግን አንገቴን ደፍቼ የማየው ሁሉ እኔን አያየኝም።

ገመዱን ልቀቂው፣ ልቀቂው የሚል ነገርም በእጄ ውስጥ ይመላለስ ነበር። ምሳ ላይ እንደምንም ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸውንም እንደሚላቸው ነገሩኝ። መስታወቱን እያየሽ እጠቢ፣ እጅ ሥራ ካገኘ ዝም ይላል አሉኝ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን። አንድ ቀን የአንድ ቢሮ ኃላፊ ከውስጥ ሆኖ ያመለጠኝን ጠብታ በጣቱ አሳየኝ። እሱ ምንጣፍ ላይ ቆሟል፤ እኔ ባዶ ላይ ተንጠልጥያለሁ። ጋሼ ከጎኔ ሆነው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉት። ሰውየው ሳይሰማ ፈገግ አለላቸው። እስክንወርድ ሳቅን።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ሴንት ፖል ከተማ የምናጥበው አንድ ሕንፃ ነበረን። ነፋስ አልነበረም። ጋሼ የመቀመጫውን ገመድ ቋጠሩ። የሴፍቲውን ብረቱ ላይ ጠምጥመው ሊቋጥሩት ሲሉ ልጃቸው ደወለች። ወደ በርንስቪል ስትሄድ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማባት ነበር። አውርተው ሲጨርሱ ጓንታቸውን አጠለቁና ወደ ጠርዙ ሄዱ። እኔ አራት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ጥምጥሙን አየሁት። ከዚያ ርቀት ሲታይ ቋጠሮ ይመስላል።

«ኦኬ» አልኩ።

ጠርዙን ሲሻገሩ እግራቸው ተንሸራተተ፤ መቀመጫውም ተገለበጠ። የሴፍቲው ገመድ ከብረቱ ተፈትቶ በአጠገቤ እየሮጠ አለፈ። ልይዘው ጎነበስኩ፤ ጓንቴን አቃጥሎ ሄደ። ወደ ታች አየሁ። አራት ፎቅ ዝቅ ብሎ ሕንፃው የሚሰፋበት ሌላ ጣሪያ አለ፤ እዚያ ወድቀዋል። እሳቸው እዚያ ተዘርረው እያየሁ ያ ባዶ እንደ ወትሮው ሆዴን ሳበው። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሬይ በዚያው ቀን ቋጠሮውን ይዤ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልያዝኩም አልኩት። ለምን ሲለኝ፣ ትልቅ ሰው ስለሆኑ ነው አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ምንም ሳይጽፍ የአደጋውን ሪፖርት ወረቀት አጠፈው።

ወደ ጣሪያ አልተመለስኩም። አሁን ክሪስታል በሚባል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። የሁለተኛ ፎቅ መጋረጃ እንኳ የምከፍተው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ለጀማሪዎቹ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቋጠሮ በእጅ ይያዛል፤ የታላቅ ሰውም ቢሆን፣ ቢቆጡም።

ጋሼ በሕይወት ተርፈው ነበር፤ ግን ወገባቸው ተሰብሮ እግራቸው አልታዘዝ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ እቤታቸው መሄድ አቃተኝ። በመጨረሻ ሄድኩ። ከስተዋል። አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ፣ ያን ቀን ቋጠሮዎን ብይዘው ኖሮ ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አልቻልኩም። ወይ ይቅር እንዲሉኝ፣ ወይ እንዲረግሙኝ ጠበቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት አረፉ፤ ያን ቀን ካሉኝ ከዚህ ቃል ሌላ ከእሳቸው አልሰማሁም።

«ብትይዢው ኖሮ» አሉኝ፣ «ሁለተኛ አላናግርሽም ነበር።»