ነፍሰ ገዳዩ ባይገኝ

ነፋስ በቆርቆሮ ጣራ ላይ አንዳች ነገር ሲያንቋቋ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ያደግሁባት ፍኖተ ሰላም ይገባል። አባቴ በረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ያቆመው የቴሌቪዥን አንቴና ነፋስ ሲነካው ይንቋቋ፣ ምስሉም አብሮ ይጠፋ ነበር። ያን ጊዜ አንዱ ወጥቶ እንጨቱን እያዞረ «አሁንስ?» ይላል፤ ከውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ተወው! እንዳትነካው!» ብሎ ይጮኻል። ለእኔ ያ ጩኸት የሞላ ቤት ድምፅ ነው።

ቴሌቪዥኑ የተገዛው እናቴ በሞተች በዓመቱ ነበር። ተዝካሯ እስኪወጣ ቤታችን ሰው አልተለየውም፤ ድንኳኑ ሲነቀል ግን ሁሉም ወደየኑሮው ተመለሰና እኔና አባቴ ተፋጥጠን ቀረን። አባቴ ከብት ከታቢ ነበር፤ ገጠር ለገጠር ሲዞር ውሎ አመሻሽ ላይ ይመጣና፣ ጭቃ የበላውን ቦቲውን በር ላይ አውልቆ፣ «ደህና ዋልሽ?» ብሎኝ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ለሁለታችንም የምታወራልን እናቴ ነበረች፣ እሷ ስትሄድ ወሬውንም ይዛው ሄደች። እኔም አባቴ ሰው የማይናፍቀው ሰው ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። ታሪኩ በጃንሆይ ዘመን የሆነ ነው፤ አንድ ባላምባራስ እልፍኙ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በመንደራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት የእኛ ብቻ ስለነበር፣ ጎረቤቱ ዝናቡን በጋቢና በጃንጥላ እየተከላከለ ይመጣና ጫማውን በር ላይ ከምሮ ወለሉን ይሞላው ነበር።

ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት እትዬ ጥሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ፈረዱ፤ «ሚስቱ ናት! ባሏ በሞተ ሳምንት ሳይሞላው ኩል የምትኳል ሴት አይቸ አላውቅም።» በጃንሆይ ጊዜ ጭቃ ሹም ሆነው ሰፈር ያስተዳደሩት አያ ጓሉ ደግሞ፣ በድራማው ያሉት ደጃዝማች በስክሪኑ ብቅ ባሉ ቁጥር ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጅ ይነሡና፣ ሲቀመጡ ተዋናዮቹን ይወቅሱ ነበር። «ያ አሳላፊ ጌታውን እንዴት ቀና ብሎ ያያል? በእኛ ጊዜ እንዲህ የለም። እሱ አንድ ነገር አለበት እንጅ!» ይላሉ። ተዋናዩ ሥርዓቱን ባለማወቁ ብቻ በእኛ ቤት ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ከረመ። ጋሪ ነጂው ሞላ አንድ ቀን ከእልፍኙ ጀርባ የመብራት ገመድ አይቶ፣ «አያ፣ ያኔ ገጠር ለገጠር መብራት ነበረ እንዴ?» ቢላቸው፣ «እሱንም ገዳዩ ይሆናል የዘረጋው» አሉት።

አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። አስተያየት አይሰጥም፣ ገዳዩ እገሌ ነው አይልም፤ ግን ይስቃል፣ ጥርሱን የማየውም እሑድ ብቻ ስለነበር እኔ ከድራማው ይልቅ እሱን አይ ነበር። ሰዉ ሲበተን የቤቱ ዝምታ ይብስብኝና፣ የጫማቸውን ጭቃ ከበሩ ላይ ሳልጠርግ አሳድረው ነበር።

ክረምቱ ወጣ፣ አደይ ፈነዳ፣ ጤፉ ታጭዶ ተወቃ፣ እኛ ገና ገዳዩን አልያዝንም። ጥር ላይ ግን «በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻው ክፍል» ተባለ። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔ አላጨበጨብኩም። ገዳዩ ከታወቀ ማን ይመጣል? በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ግንቡን ተሳልሜ፣ «እመቤቴ፣ ነፍሰ ገዳዩ አይገኝ» ብዬ ለመንኩ።

እሑድ ደረሰ። በድራማው መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ፣ ጣቱን አንሥቶ፣ «ባላምባራስን የገደለው...» ሲል መብራት ጠፋ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። ሞላ ተስፋ ቆርጦ ጫማውን መፈለግ ሲጀምር አያ ጓሉ ዱላቸውን ደጁ ላይ አጋደሙና፣ «ተቀመጥ አንተ ልጅ! አውጫጭኝ ነው» አሉ።

አውጫጭኝ ድሮ በገጠሩ ደም ፈሶ ገዳዩ ሲጠፋ የሚደረግ ነው። የአገሩ ሰው ባንድ ቦታ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ በተራው ምሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን ሲያስረዱ እንዴት ያለ ድንቅ ሕግ ነው ብዬ ተደሰትኩ።

እትዬ ጥሩ ምለው ሚስቲቱን ከሰሱ። ሞላ የባላምባራሱን ወንድም ጠረጠረ። ተራው አባቴ ዘንድ ደረሰ።

«እኔ ስለ ገዳዩ የማውቀው የለም» አለ አባቴ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ብቻ ባይገኝ ደስ ይለኛል። እሱ ከተገኘ እናንተ አትመጡም። እኔ ደግሞ ይችን ልጅ ምን ብዬ እንደማጫውታት አላውቅበትም» አለ።

የሳቀ አልነበረም። የኔን ጸሎት ከአባቴ አፍ ሰማሁት፤ ያን ሁሉ ወራት ባንድ ቤት ተቀምጠን ለየብቻ አንድ ነገር ስንለምን ኖረናል።

አያ ጓሉ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። «ነገሩ አልጠራም» አሉ። «ለሚመጣው እሑድ ተቀጥሯል። የቀረ ይቀጣል።»

መጡም። ጾሙ ገብቶ እስኪፈታ ድረስ ቴሌቪዥኑን ማንም ክፈቱ ሳይል እየመጡ ተከራከሩ። የሞላ አጎት ልጅ ከቡሬ መጥቶ፣ በዚያ መብራት እንዳልጠፋና መጨረሻውን እንዳየ ሊነግረን አፉን ሲከፍት፣ እትዬ ጥሩ ዘለው አፉን በሽንብራ ቆሎ ሞሉት። አባቴም ቀስ በቀስ ቃል ጣል ማድረግ ጀመረ። በሚቀጥለው ክረምት ግን አያ ጓሉ ሞቱ፣ ሞላም ጋሪውን ሸጦ ቡሬ ገባ፣ እሑዳችን እንደገና ጭር አለ።

ዛሬ በሰው ከተማ ባንዲት ክፍል ብቻዬን እኖራለሁ። ድራማው ስልኬ ላይ አለ፤ ከሥሩም የማላውቃቸው ሰዎች አስተያየታቸውን ደርድረዋል። በቀደም አንዱ «ገመዱን አያችሁት?» ብሎ ጽፎ ጮክ ብዬ ሳቅሁና ለማን እንደምነግር ዞር ብል ግድግዳ ብቻ ነው። ያኔ አንድ አስተያየት ለመስጠት ሰው በዝናብ ይመጣ ነበር፣ ጭቃውን ትቶልን ይሄድ ነበር፤ አሁን አስተያየቱ ይመጣል፣ ሰው አይመጣም። የመጨረሻውን ክፍል ግን እስካሁን አልከፈትኩትም።

አባቴ እዚያው ቤት ብቻውን አርጅቷል። እሑድ እሑድ ይደውልና «ደህና ሰነበትሽ?» ይለኛል፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ዝምታው ሲረዝምበት፣

«እስካሁን አልተገኘም?» ይለኛል።

«አልተገኘም፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ለሚመጣው እሑድ» ይልና ስልኩን ይዘጋል።